አምስት የናስ ነፊዎች በሰማንያ ሙዚቀኞች ፊት

ጡሩምባ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን በማለዳ የሚነፋው የዕድር ለፋፊ፣ አለዚያም በበዓል ቀን ሰልፉን እየመራ የሚያልፈው ማርሽ ባንድ ነው። ማርሽ ባንድ በአገራችን የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት በአዲስ አበባ የነፉት እነዚህኑ የናስ መሣሪያዎች ነበር። ዛሬ የምንጽፈው ግን መሣሪያዎቹ ከሰልፉ ወጥተው ከሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር በአንድ መድረክ ሲቆሙ ስለሚሆነው ነገር ነው። በሰሜን አሜሪካ እንዲህ ያለው ምሽት ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው «ፖፕስ ኮንሰርት» በሚባለው ዝግጅት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፖፕስ ምንድን ነው? ሄንሪ ሊ ሂጊንሰን የተባሉ ባለሀብት በ1881 የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን አቋቋሙ። ዋናው የኮንሰርት ወቅት ሲያበቃ ግን ሙዚቀኞቹ ሥራ ይፈታሉ። እንግዲህ በ1885 አንድ መላ ተፈጠረ፤ በሞቃቱ ወራት አጫጭርና ለጆሮ የሚቀርቡ ሙዚቃዎች፣ ማርሽና ዋልስ፣ በርከት ላለ ሕዝብ ይቀርቡ ጀመር። በአዳራሹ ወለል ላይ የተደረደረው ወንበር ተነሥቶ ጠረጴዛ ይገባል፤ አድማጩም እየጠጣና እየቀማመሰ ያዳምጣል። ነገሩ በጣም የተስፋፋው በአርተር ፊድለር ጊዜ ነው። እኚህ ሰው ቀድሞ እዚያው ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮላ ይጫወቱ ነበር፤ ከ1930 ጀምረው በ1979 እስኪሞቱ ድረስ የቦስተን ፖፕስን መሩ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው!

አሁን ወደ ነፊዎቻችን እንምጣ። በጣም የታወቀው ቡድን በ1970 ቶሮንቶ ላይ የተቋቋመው ካናዲያን ብራስ ነው። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ትራምፔት፣ አንድ ሆርን፣ አንድ ትሮምቦን፣ አንድ ቱባ። ጥቁር ሱፍ ከነክራቫቱ ለብሰው ከሥር ነጭ የስፖርት ጫማ ያደርጋሉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሃሚልተን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር በቋሚነት ይሠሩ ነበር፤ በየትምህርት ቤቱም እየዞሩ ለተማሪዎች ይጫወቱ ነበር። በመድረክ ላይ በየመሐሉ የሚያወሩትና የሚቀልዱት ነገር ከዚያ ጋር የተያያዘ ይመስለናል። ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው በይሉኝታ አያጨበጭብም፤ ከሰለቸው ይንጫጫል። ለማስተማር ልምምድ ወጥተን የተመለስን ሁሉ ይህን እናውቀዋለን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ቀላል ሙዚቃ» ሲባል ለመጫወትም ቀላል ይመስላቸዋል። እኛ በዚህ አንስማማም። ምክንያቱን ለማስረዳት ከመሣሪያው መጀመር አለብን።

በናስ መሣሪያ ውስጥ ድምፅ የሚፈጥረው ብረቱ ሳይሆን ከንፈር ነው። ከንፈርን ገጥሞ አየር ሲገፉበት ይንቀጠቀጣል፤ ቱቦው ያንን መንቀጥቀጥ ተቀብሎ ያጎላዋል። ያላመነ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የውሃ ጎማ ወስዶ፣ በአንደኛው ጫፍ ከላስቲክ ጠርሙስ የተቆረጠ አፍ ሰክቶ ይሞክረው፤ ለሳይንስ ክፍለ ጊዜም ጥሩ መርጃ ነው። ከጎማው የሚወጡት ድምፆች ግን ጥቂት ናቸው፤ ከንፈርን ጠበቅ ወይም ላላ በማድረግ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘለላል እንጂ በመካከል ያለውን ማግኘት አይቻልም። የዕድሩም ጡሩምባ እንደዚሁ ነው። ትሮምቦን ይህን ችግር ያሸነፈው ቱቦውን በመሳብና በመግፋት ሲሆን፣ ለሌሎቹ መፍትሔ የመጣው ስቶልትሴልና ብሉሜል የተባሉ ጀርመኖች በጣት የሚጫን መክፈቻና መዝጊያ ሠርተው በ1818 የፈጠራ መብት ሲያስመዘግቡ ነው። ቱባ ደግሞ በርሊን ውስጥ የተመዘገበው በ1835 ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት የአምስት ሰው ቡድን በባህ ዘመን ሊኖር አይችልም ነበር። ካናዲያን ብራስ የባህን ሥራ ሲጫወቱ ለኦርጋን የተጻፈውን ለአምስት መሣሪያ አከፋፍለው ነው።

የቱቦው ርዝመት የድምፁን ወፍራምነት ይወስናል። ትራምፔት ተጠቅልሎ ነው እንጂ ቢዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ቱባ ወደ አምስት ሜትር ይጠጋል።

በኦርኬስትራ ውስጥ የናስ ነፊዎች የሚቀመጡት ከኋላ ነው፤ ለምን ቢባል ድምፃቸው ጉልበተኛ ስለሆነ። ሁለት ትራምፔት ከልብ ከተነፋ ቫዮሊኖቹን ሁሉ ሊሸፍን ይችላል። ታዲያ አምስቱ ከፊት ሲቆሙ ይኸው ሥርዓት ተገለበጠ ማለት ነው። እዚህ ላይ ትልቁን ሥራ የሚሠራው በምሽቱ የማይታየው አቀናባሪ ነው። አምስቱ ሲነፉ የኦርኬስትራው የራሱ ናስ ዝም እንዲል፣ ቫዮሊኖቹም ረጋ ያለ ድምፅ ዘርግተው ከሥር እንዲሸከሙ፣ አለዚያም ክሩን በጣት እየነካኩ መንገድ እንዲለቁ አድርጎ ይጽፋል። ይህ ካልሆነ የሚሰማው ኮንሰርት ሳይሆን ጭቅጭቅ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመድረኩ ጀርባ አሥራ ሁለት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ከበሮ መቺ የፊተኞቹን በጆሮው ብቻ ከተከተለ ይዘገያል፤ የመሪውን ዘንግ በዓይኑ ማየት አለበት። አምስቱ ነፊዎች ግን ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ስለሚቆሙ ዘንጉን በቅጡ አያዩትም። ስለዚህ መሪው ራሱ የእነሱን ትንፋሽና የትከሻቸውን እንቅስቃሴ እየተከተለ ሰማንያውን ሰው ከእነሱ ጋር ያስኬዳል። ሆርኑ ደግሞ አፉ ወደ ኋላ ስለሚመለከት ድምፁ መጀመሪያ ወደ ሙዚቀኞቹ ሄዶ ነው ወደ አድማጩ የሚመለሰው። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ልምምድ የሚያልቅ ነው።

አዳራሹ በሰው ሙቀት ሲሞቅም የትንፋሽ መሣሪያዎች ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል፤ የቫዮሊን ክር ግን ስለሚላላ ወደ ታች ይወርዳል። ጆሮ ያለው ነፊ እየሰማ ቱቦውን ትንሽ ሳብ ያደርጋል።

ከንፈርም ሥጋ ነው፤ ይደክማል። ጎበዝ ትራምፔት ነፊ እንኳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት መንፋት አይችልም። በፕሮግራሙ ውስጥ ኦርኬስትራው ብቻውን የሚጫወታቸው ቁርጥራጮች አንዱ ጥቅማቸው ለአምስቱ ትንፋሽ መመለሻ መሆናቸው ነው። ቀልዱና ወሬውም እንደዚያው ነው፤ አድማጩ ሲስቅ ከንፈሩ ያርፋል።

ፖፕስን የሚንቁ ሙዚቀኞችም አልጠፉም። በ1984 በቦስተን፣ ከ1980 ጀምሮ መሪ የነበሩት የፊልም ሙዚቃ ደራሲው ጆን ዊልያምስ በልምምድ ላይ እያሉ አንዳንድ ሙዚቀኞች «እስስ» እያሉ ንቀታቸውን አሰሙ። ዊልያምስ ሥራ መልቀቃቸውን አስታወቁ፤ በኋላ ነገሩ በርዶ ተመለሱና እስከ 1993 መሩ። ሙዚቀኛ የሚጫወተውን ሙዚቃ አለመውደድ መብቱ ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ኦርኬስትራ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው አለ። ለዚያ ሰው እየናቁ መጫወት ለእኛ አይዋጥልንም። ተማሪው ገና ፊደል ቆጣሪ ነው ብሎ እየተሰላቸ የሚያስተምር ሰው በምን ይለያል?

የቦስተን ፖፕስ ምሽት በልማድ የሚዘጋው ሱዛ በ1896 በደረሰው ማርሽ ነው። መጀመሪያ ትንሿ ዋሽንት መሳይ ፒኮሎ ብቻዋን ከሁሉ በላይ ትፈነጥዛለች። ከዚያ እንግዶች ቢኖሩም ባይኖሩም፣ በየቦታው እንደሚደረገው፣ ከኋላ የተቀመጡት የኦርኬስትራው የራሱ ትራምፔትና ትሮምቦን ነፊዎች ተነሥተው ይቆማሉ፤ እንግዶቹ ባሉበት ምሽት ቦታቸውን ለቀው ዝም ብለው የቆዩት እነሱ ናቸው። በዚህን ጊዜ ቀስ በሉ የሚላቸው የለም።