ራኩን፦ በእጁ የሚያይ የሌሊት ጎረቤት

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በቶሮንቶ ጓሮ ያለው ቤት የገባ አበሻ ውሎ አድሮ ከአንድ እንስሳ ጋር መተዋወቁ አይቀርም። ትውውቁ ብዙ ጊዜ በድምፅ ይጀምራል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የቆሻሻ ገንዳ ሲገለበጥ ይሰማል። የበረንዳው መብራት ሲበራ ዓይኑ ዙሪያውን የጠቆረ፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት የጣለ፣ ከድመት ወፈር ያለ አውሬ የበዓሉን ዶሮ አጥንት በሁለት እጁ ይዞ ቀና ይላል። ቢያጨበጭቡበት አይደነግጥም። አፍጥጦ ያይና ወደ አጥንቱ ይመለሳል።

ራኩን ይህ ነው። ድፍረቱ ባለቤቱን ያናድዳል፤ ልጆቹን ያስቃል፤ አያትን ያስፈራል። ነገር ግን ድፍረቱን ይዞት አልተወለደም። ከተማ ውስጥ፣ ከሰው እጅ፣ ቀስ በቀስ የተማረው ነው። እንዴት እንደተማረው ያወቀ ሰው ጓሮውን ማስከበር ብዙም አይከብደውም።

አገር ቤት ሸለምጥማጥ ዶሮ ሲሰርቅ እያየ ያደገ ሰው ራኩን ዘመዱ ሊመስለው ይችላል። የቅርብ ዝምድና የላቸውም። ራኩን የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ ነው፤ የተፈጥሮ ክልሉ ከደቡብ ካናዳ ተነሥቶ ፓናማ ይደርሳል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከድብ ወገን መድቦት ነበር። ዛሬ የራሱ ቤተሰብ አለው። አብዛኛው ከ3 እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል፤ በሰሜኑ ብርድ አገር ከክረምቱ ብርድ በፊት ስብ ያከማቸ ወንድ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ያገኘውን ይበላል፦ እንቁራሪት፣ ሸርጣን፣ እንቁላል፣ ለውዝ፣ ፍራፍሬ፣ ትል፣ የድመት ምግብ፣ የተጣለ ፒዛ።

እጁ

ራኩንን ከሌላው አውሬ የሚለየው እጁ ነው። የፊት እግሩ አምስት ረጃጅም ጣቶች አሉት። አውራ ጣቱ እንደ ሰው ከሌሎቹ ጣቶች ፊት ለፊት አይገጥምም፤ ስለዚህ ዕቃ ሲይዝ ሁለቱንም እጆቹን ያጣምራል። የሚደንቀው ግን ጥንካሬው ሳይሆን ስሜቱ ነው። አንጎሉ ውስጥ የስሜት ሕዋሳትን መልእክት ከሚቀበለው ክፍል ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ለመዳሰስ የተመደበ ነው። ወንዝ ዳር ሲያድን እጆቹን ውሃ ውስጥ ከትቶ የድንጋይ ሥር ይዳብሳል፤ ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ያያል። ድንጋዩን ከሸርጣኑ የሚለየው በጣቶቹ ነው።

«ምግቡን ሳያጥብ አይበላም» የሚለው ወሬም ከዚህ የመጣ ነው። በአጥር ውስጥ የተያዘ ራኩን ምግቡን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲያገላብጥ የታየው ንጽሕና ወዳድ ስለሆነ አይደለም። የእጁ ቆዳ ሲረጥብ የመዳሰስ ኃይሉ ይጨምራል፤ እንቅስቃሴውም ወንዝ ዳር ከሚያደርገው ፍለጋ ጋር አንድ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኤች. ቢ. ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የተለያየ መቀርቀሪያ ያላቸው ሳጥኖች አዘጋጅቶ ራኩኖችን ፈተነ። ከ13ቱ መዝጊያዎች 11ዱን ከ10 ባነሰ ሙከራ ከፈቷቸው። መቀርቀሪያዎቹን አቀማመጣቸውን ሲለዋውጥባቸው ወይም ሲገለብጥባቸውም አልተቸገሩም። ራኩን መውጣትና መውረድም አያቅተውም። የኋላ እግሩን ቁርጭምጭሚት ወደ ኋላ ማዞር ስለሚችል ከዛፍ ሲወርድ ጭንቅላቱን አስቀድሞ ነው። በ2018 በሚኒሶታ ግዛት በሴንት ፖል ከተማ አንድ ራኩን የአንድ ሕንፃ ግድግዳ ይዞ ከ20 ፎቅ በላይ ሲወጣ ብዙ ሕዝብ በቀጥታ ስርጭት ተከታትሎታል። ጣሪያው ላይ ሲደርስ የድመት ምግብ በተቀመጠበት ወጥመድ ተይዞ ተለቀቀ።

ዋሽንግተን ውስጥ ደግሞ ዋይት ሐውስ ድረስ የገባ ራኩን አለ። በ1926 ከሚሲሲፒ ለምስጋና ቀን ማዕድ እንድትታረድ ለፕሬዝዳንት ካልቪን ኩሊጅ አንዲት ራኩን ተላከች። ቤተሰቡ ግን ሊበላት አልፈለገም። ርብቃ ብለው ስም አወጡላት፤ ስሟ የተጻፈበት የአንገት ማሰሪያ አሠሩላት፤ በገመድ እያንሸራሸሩ አሳደጓት። ርብቃ አምፖል ትነቅል፣ ቁም ሣጥን ትከፍት፣ የአበባ ማሰሮ ትገለብጥ ነበር። በመጨረሻ ወደ ከተማዋ መካነ አራዊት ተላከች። የፕሬዝዳንቱ ቤተሰብ ያልቻላት እንስሳ ተራ ቤት ውስጥ ለማዳ አትሆንም። ጃፓን ይህን በውድ ዋጋ ተምራለች። በ1977 ስለ አንድ የራኩን ግልገል የቀረበ የቴሌቪዥን የካርቱን ፊልም ብዙ ሰው ራኩን ከውጭ አስመጥቶ እንዲያሳድግ ገፋፋ። ሲያድጉ ተናካሽ የሆኑባቸው ሰዎች ጫካ ለቀቋቸው፤ አሁን በዚያ አገር ወራሪ እንስሳ ሆነዋል። ጀርመንም በ1934 ኤደርዜ በተባለው ሐይቅ አካባቢ የተለቀቁት ጥቂት ራኩኖች ዘር ዛሬ በካሰል ከተማ ጣሪያዎች ሥር ያድራል።

ከተማ እንዴት አስተማረው

የከተማ ራኩን ከገጠሩ ይልቅ በጠባብ ቦታ ተጠጋግቶ ይኖራል፤ ምግቡ ቅርቡ ነውና ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። በቶሮንቶ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ማክዶናልድ አንገታቸው ላይ የመከታተያ መሣሪያ ያሰረችላቸው ራኩኖች ትልልቅ መንገዶችን ከመሻገር እንደሚቆጠቡ አሳይታለች። እያንዳንዱ በሰፈሩ ተወስኖ ይኖራል ማለት ነው። አንድ ሌሊት ምግብ ያገኘበትን ጓሮ በማግስቱ ይደግመዋል፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባል የለ። እናት ስትፈልግ ግልገሎቿ ከኋላዋ ይከተላሉ፤ የገንዳው አከፋፈት በዚህ መንገድ ለቀጣዩ ትውልድ ይተላለፋል።

ከራኩን ጋር በይፋ የተፋለመች ከተማ ቶሮንቶ ናት። የምግብ ቅሪት በአረንጓዴ ገንዳ ስለሚሰበሰብ ሌሊት ሌሊት ገንዳ ሲገለበጥ ማደሩ ነዋሪውን አማረረ። በ2015 ከንቲባ ጆን ቶሪ አዲስ ገንዳ አስተዋወቁ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ለውሉ 31 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ መድቧል። ክዳኑ በሚጠመዘዝ እጀታ ይቆለፋል፤ የቆሻሻ መኪናው ክንድ አንሥቶ ሲደፋው ግን በራሱ ይከፈታል። ከመከፋፈሉ በፊትም በራኩኖች ላይ ተሞክሯል። ገንዳው በ2016 በየቤቱ ታደለ። በ2018 ግን አንዳንድ ራኩኖች ገንዳውን በጎኑ አጋድመው እጀታውን ሲያዞሩ በካሜራ ተቀረጹ። አብዛኛው ገንዳ ተግባሩን ፈጽሟል፤ ጥቂት ብልሆች ግን አሸንፈውታል።

የሚያሰጋው ነገር

ራኩን ሰው ላይ ዘሎ የሚወጣ አውሬ አይደለም። ጥግ ከያዙት ወይም ግልገሉን ከነኩበት ግን ይነክሳል፤ ውሻም ያቆስላል። ትልቁ ስጋት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ በሽታው በዋነኛነት የሚተላለፈው በውሻ ሲሆን፣ በምሥራቅ አሜሪካ ግን ከዋነኞቹ ተሸካሚዎች አንዱ ራኩን ነው። የነከሰ ወይም የቧጨረ ራኩን ካለ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ክትባቱ በጊዜ ከተሰጠ ያድናል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በቀን መታየቱ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም፤ የምታጠባ እናት በቀን ምግብ ትፈልጋለች። የሚንገዳገድ፣ እግሩ የማይታዘዘው፣ ሰው ሲቀርበው የማያስተውል ከሆነ ግን ለእንስሳት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት መደወል ይገባል።

ሁለተኛው ስጋት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ራኩን የሚጸዳዳበት ቋሚ ቦታ ይመርጣል፦ የዛፍ ሥር፣ የዴክ ወለል፣ የጣሪያ ጠርዝ። ኩሱ ውስጥ የራኩን ወስፋት እንቁላል ሊኖር ይችላል። እንቁላሉ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ መበከል ይጀምራል፤ ሰው ሆድ ከገባ እጩ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። በሽታው በሰው ላይ እምብዛም አይታይም፤ ሲታይ ግን ከባድ ነው። አፈር ወደ አፋቸው የሚያስገቡ ሕፃናት በተለይ ይጠበቁ። ኩሱን ቶሎ በጓንት አንሥቶ በፕላስቲክ አስሮ መጣል፣ ቦታውን በፈላ ውሃ ማጠብ ይበጃል። በረኪና እንቁላሉን አይገድለውም።

ጓሮውን ማስከበር

ሁሉም መላ ከእጁ ይነሣል፦ የሚከፍተውን ማጥበቅ፣ የሚያሸተውን ማራቅ። ገንዳውን ማታ ከማውጣት ጠዋት ማውጣት ይሻላል። ክዳኑ በላስቲክ ገመድ ይታሰር፤ ገንዳው ራሱ እንዳይጋደም ከግድግዳ ጋር ይያያዝ። የበዓል ማግስት የዶሮና የበግ አጥንት በከረጢት ታስሮ የቆሻሻ መኪናው እስኪመጣ ፍሪዘር ውስጥ ቢቆይ ሽታው ጓሮ አይደርስም። የድመትና የውሻ ምግብ ውጭ አይደር።

ጓሮው ላይ በቆሎ የዘራ ሰው ራኩን እሸት እንደሚወድ ያያል። እሸቱ ወተት ሲይዝ፣ ባለቤቱ «ነገ ወይ ከነገ ወዲያ እቆርጣለሁ» በሚልበት ሌሊት ይመጣል፤ አገዳውን ሰብሮ እያንዳንዱን ጥቂት ይቀምስና ይጥላል። የሚያስቆመው ከመሬት 15 እና 30 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ባለሁለት መስመር የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ መዘርጋት ያለበትም እሸቱን ከመቅመሱ በፊት ነው። ዶሮ ለሚያረባ ደግሞ ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ አይበቃም። ራኩን እጁን በቀዳዳው አሾልኮ ዶሮዋን ይጎትታል። ቀዳዳው ከአንድ ሴንቲሜትር ተኩል የማይበልጥ ጠንካራ የብረት ወንፊት ያስፈልጋል፤ በሩም በመንጠቆ ሳይሆን በጓጉንቸር ይዘጋ።

ከጣሪያ ሥር ከገባ ጊዜውን ማየት ያስፈልጋል። ራኩን በክረምት አጋማሽና ማብቂያ ይጣመራል፤ እናት 9 ሳምንት ገደማ አርግዛ በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ ከ2 እስከ 5 ግልገል ትወልዳለች። በዚህ ጊዜ ቀዳዳውን የደፈነ ሰው እናትየዋን ከልጆቿ ይለያል፤ እሷ ጣሪያውን ቀዳ ልትገባ ትታገላለች፣ ግልገሎቹም ውስጥ ይሞታሉ። የሚሻለው ጎጆዋን ማስጠላት ነው። ደማቅ አምፖልና ንግግር የሚያስተላልፍ ሬዲዮ ለጥቂት ቀናት ሌት ተቀን እንደበሩ ይተዉ። እናቲቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ማደሪያ ስላላት ግልገሎቿን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ትወጣለች። መውጣታቸውን ለማወቅ ቀዳዳው ላይ የተጨማደደ ጋዜጣ ይወተፋል፤ ሁለት ሦስት ሌሊት ካልተነካ ማንም የለም። ያን ጊዜ በብረት ወንፊት ይዘጋል፤ የጭስ ማውጫውም ክዳን ይደረግለታል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው በወጥመድ ይዞ ራቅ ያለ ጫካ መጣል ነው። በቨርጂኒያ ይህ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በኦንታሪዮም የተያዘ እንስሳ ከተያዘበት ከ1 ኪሎ ሜትር ርቆ መለቀቅ የለበትም። ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። የራኩን የእብድ ውሻ በሽታ ለብዙ ዓመታት በፍሎሪዳና በአካባቢዋ ተወስኖ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ በዌስት ቨርጂኒያና በቨርጂኒያ ድንበር ታየ፤ ተመራማሪዎች ምክንያቱን የሚያያይዙት አዳኞች ከደቡብ ጭነው ካመጧቸው ራኩኖች ጋር ነው። ከዚያ ዋሽንግተንን፣ ሜሪላንድን፣ ኒውዮርክን አዳርሶ ካናዳ ገባ። ዛሬ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በሽታው ወደ ምዕራብ እንዳይሻገር ክትባት የያዘ ማባበያ በየዓመቱ በአውሮፕላን ሳይቀር ይበትናል። ይህ ሁሉ ወጪ እንስሳ ጭነው የሄዱ ጥቂት መኪናዎች ያተረፉት ነው።

ማዘዋወር ሌላም ጉድለት አለው፦ የተወሰደው ቦታ ባዶ አይቀርም። ገንዳው ክፍት እስከሆነ ድረስ ሌላ ራኩን ይገባበታል። አንድ ቤት ብቻ ገንዳውን ቢያስርም ራኩኑ ወደሚቀጥለው ቤት ይዞራል፤ ጎረቤት የሚያበላው ከሆነ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ መነጋገር ከጎረቤት ጋር ነው። ልብን የሚያራራ ግልገል አይቶ ዳቦ የሚወረውር ሰው ካለ፣ ከክረምቱ ብርድ በፊት የሚመጣው 8 ኪሎ ራኩን የዚያ ዳቦ ደንበኛ መሆኑን በትህትና ማስረዳት ይገባል። ቁልፉ፣ ወንፊቱና ገመዱ የሚሠሩት የመንገዱ ነዋሪ በሙሉ ሲጠቀምባቸው ነው። ጥገናውም ግልገሎች አድገው ከወጡ በኋላ፣ ብርድ ሳይገባ፣ በመስከረምና በጥቅምት ቢጠናቀቅ ራኩኑ የክረምት ማደሪያውን ሌላ ቦታ ይፈልጋል።