ሶምብሬሮ፦ ተረቱና እውነታው

የኩባ ሳልሳ ጀማሪ ቶሎ ሊይዘው የሚጓጓለት እንቅስቃሴ ሶምብሬሮ ነው፤ በስፓኒሽ «ባርኔጣ» ማለት ነው። ዳንሱ ካዚኖ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሃቫና ውስጥ የጎለበተ ሲሆን ስሙንም ከክለብ ካዚኖ ዴፖርቲቮ ነው የወሰደው። ጥንዶቹ ቀኝ በቀኝ፣ ግራ በግራ ተያይዘው ቀኞቹን ከላይ ያደርጋሉ። ተከታይዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ከዚያ ክንዶቹ ከራስ በላይ ያልፉና ቀኞቹ ከእሷ፣ ግራዎቹ ከመሪው ማጅራት ኋላ ያርፋሉ።

«ወንዱ በክንዱ ያዞራታል» ሲባል ትሰማላችሁ። ትከሻ የሚያሳምመው ይህ እምነት ነው። የምትዞረው ራሷ ናት፣ በእግሯና በሚዛኗ። የመሪው እጅ አቅጣጫውንና ሰዓቱን ብቻ ይነግራታል። እጇን ከአናቷ በላይ እንደ ወንጭፍ የሚያሽከረክር መሪ ግን ሚዛኗን ይነጥቃታል። እጁ ከአናቷ ትክክል በላይ፣ ፀጉሯን ሳይነካ ይለፍ። ወደ ኋላዋ ካፈገፈገ ክንዷ ከትከሻዋ መስመር አልፎ መገጣጠሚያው ይጨነቃል፤ የእሷም ክርን ታጥፎ ከፊቷ መቆየት አለበት።

ክንድ በተዘረጋ ቁጥር ያምራል የሚሉም አሉ። እጅ ከልክ በላይ ሲሰቀል ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ተረከዝም ከመሬት ይነሣል። አጭር መሪ ክንዱን ከመንጠራራት ይልቅ ግማሽ እርምጃ ቢጠጋ ይሻለዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «እንዳታመልጥህ አጥብቀህ ያዛት» የሚለው ምክር ነው። በዙሩ ውስጥ መዳፏ በመዳፉ ላይ መዞር አለበት፤ አውራ ጣቱ ከተቆለፈ የሚጠመዘዘው የእጅ አንጓዋ ነው። ጣቶች እንደ ሜንጦ ተንጠልጥለው ይገናኙ፣ አውራ ጣት ይላላ።

ፍጥነትም ቢሆን የሚታሰበውን ያህል አይረዳም። ከስምንቱ ምት 1፣ 2፣ 3 እና 5፣ 6፣ 7 ላይ ይረገጣል፤ 4 እና 8 ላይ ይታረፋል። እጅ የሚነሣው እግሯ ለዙሩ ከማረፉ አስቀድሞ ነው፤ ከዘገየ ጥድፊያ አያካክሰውም። እጁ ሲያርፍም ማጅራቷ ላይ ክብደት አይጣልባትም።

እስኪ ሳትያያዙ እርምጃውን ብቻ ሞክሩት። ሁለታችሁም ጎን ለጎን ከደረሳችሁ እጆቻችሁን አገናኙና ከመጀመሪያው ጀምሩ።