«ሳነበው ገብቶኝ ነበር፣ ፈተናው ላይ ጠፋኝ»፦ የሕክምና ተማሪዎች የፈተና ጭንቀት ከየት ይመጣል?

ልጃችሁ፣ ወንድም እህታችሁ ወይም ጓደኛችሁ ሕክምና የሚማር ከሆነ ይህችን አባባል ሳትሰሟት አትቀሩም፦ «ሌሊቱን ሙሉ ሳነበው ገብቶኝ ነበር፤ ፈተናው ላይ ግን ጠፋኝ።»

ይህ የገጠመው ተማሪ ብዙ ጊዜ «በቃ እኔ ለሕክምና አልሆንም» ብሎ ይደመድማል። እኛ ደግሞ ከመደምደሙ በፊት የጥናት ዘዴውንና እንቅልፉን ይይ እንላለን። ለምን?

📌 ጫናው ከየት ይጀምራል?

ሕክምና የሚገባ ልጅ በትምህርት ቤቱ ደረጃ ሲወጣ የኖረ ነው። ካምፓስ ሲደርስ ግን አጠገቡ የተቀመጠው ሁሉ እንደሱው ነው። መቶ ጎበዝ ልጆች አንድ ክፍል ቢገቡ አንዱ መቶኛ መውጣቱ ግድ ነው። ለዚያ ልጅ ግን ይህ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ቤት ደውሎ እንዳይናገር ደግሞ ሰፈሩ ገና ከአሁኑ «ዶክተር» እያለ ይጠራዋል።

ከዚያ የትምህርቱ ብዛት አለ። አናቶሚን ብቻ ብንወስድ የአዋቂ ሰው አጥንት 206 ነው፣ ጡንቻው ከ600 በላይ ነው፣ ከአንጎል የሚነሱ ነርቮች 12 ጥንድ ናቸው። የእያንዳንዱ ስም፣ ቦታና ሥራ ይጠየቃል። ጎን ለጎን ፊዚዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ ይጠብቃሉ። እስከ 12ኛ ክፍል ያደረሰው ሽምደዳ እዚህ ጋ ይከዳል።

ክሊኒካል ዓመታት ላይ ደግሞ ፈተናው መልኩን ይቀይራል። ወረቀቱ እንዳለ ሆኖ፣ ተማሪው በሽተኛ ይሰጠዋል፤ ታሪኩን ጠይቆ፣ መርምሮ፣ ፈታኝ ሐኪሞች ፊት ቆሞ ያቀርባል። «ለምን?» ሲባል እዚያው መመለስ አለበት። የሚያውቀውን እንኳ አፉ ላይ የሚያጣው ብዙ ነው።

📌 ሰውነታችን ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ስንጨነቅ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች ይጨምራሉ። ልብ ይመታል፣ እጅ ያልበዋል፣ ሆድ ይረበሻል። ትንሽ ጭንቀት ያነቃል፣ ቁጭ ብለን እንድናጠና ያደርጋል። ሲበዛ ግን አእምሮ ያስቀመጠውን ማውጣት ያቅተዋል። «ጠፋኝ» የሚባለው አንድም ይህ ነው።

እንቅልፍም አለ። አእምሮ ቀን የተማረውን የሚያደላድለው ስንተኛ ነው። የፈተናን ዋዜማ በቡና ወይም በጫት ማንጋት ማለት ያጠኑትን መልሶ መበተን ነው።

📌 «ገብቶኝ ነበር» ግን ውሸት ነው?

አይደለም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ። አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ አራት ዙር እየደጋገመ አነበበ። ሌላው አንድ ዙር አንብቦ ዘጋውና ሦስት ጊዜ ሳያይ ለማስታወስ ሞከረ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ደጋግሞ ያነበበው 40 በመቶ፣ ራሱን የፈተነው 61 በመቶ አስታወሰ።

ስለዚህ ደጋግመን ያነበብነው ነገር ዓይናችን ስለለመደው ብቻ የምናውቀው ይመስለናል። ፈተና ደግሞ የሚጠይቀው ወረቀቱ በሌለበት ማውጣትን ነው።

📌 ምን ይደረግ?

👉 ሃንድአውቱን አንዴ አንብባችሁ ዝጉት። ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወሳችሁትን ጻፉ፤ ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውን ብቻ አጥኑ። መጀመሪያ ላይ ያስጠላል፣ ግን የሚይዘው እሱ ነው።
👉 አንድ ምዕራፍ ላይ አንድ ሌሊት ከመቸከል ዛሬ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ በሳምንቱ ተመለሱበት።
👉 የቃል ፈተና በዝምታ አይጠናም። የዶርም ጓደኛችሁን ፈታኝ አድርጋችሁ ኬዝ አቅርቡለት፤ «ለምን?» እያለ ያፋጣችሁ።
👉 ከፈተና በፊት ያለውን ሌሊት ተኙ።

📌 ነገሩ ከጥናት ሲያልፍስ?

ሁሉም በዘዴ አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ2016 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በ43 አገሮች ከ120 ሺህ በላይ የሕክምና ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። 27.2 በመቶው ድብርት ወይም የድብርት ምልክት ነበራቸው። ምልክቱ ከታየባቸው ውስጥ የሥነ አእምሮ ሕክምና ለማግኘት የሞከሩት 15.7 በመቶ ብቻ ናቸው።

ነገ በሽተኛውን «እንቅልፍህ እንዴት ነው? የምግብ ፍላጎትህስ?» የሚለው ሰው ራሱን አይጠይቅም። እኛ አገር ደግሞ «አማኑኤል ሄደ» መባል አለ። ሐኪም የሚሆነው ልጅ ይህን ስም ከማንም በላይ ይፈራል።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሐዘን ካለቀቀ፣ የሚወዱት ነገር ካስጠላ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ነገን አትጠብቁ። ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ጓደኛው የሆናችሁም ብቻውን አትተዉት፣ ይዛችሁት ሂዱ።

ወላጆችም፣ ስትደውሉ «ፈተናው እንዴት ነበር?» ከማለታችሁ በፊት «በልተሃል ልጄ? ተኝተሃል?» በሉት። አንድ ኮርስ መውደቅ፣ አንድ ዓመት መድገም ያማል፤ ግን ደግሞ ጨርሶ ጥሩ ሐኪም መሆን ይቻላል። ይህን ልጁ መጀመሪያ መስማት ያለበት ከእናንተ ነው።

ይህን ጽሑፍ አሁን ዶርም ውስጥ ብቻውን ለሚቸክለው ጓደኛችሁ አድርሱለት። ፈተና ላይ ላላችሁ ሁሉ መልካም ፈተና!