መንግሥትን ካሣ ስለ መጠየቅ

«ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ነገር ግን አንዲት ዘመዴ ይህንኑ ተረት አምና የሚገባትን ገንዘብ ለጥቂት ልታጣው እንደ ነበረ ካወቅሁ በኋላ፥ ነገሩን መርምሬ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት ለመጻፍ ተነሣሣሁ።

ዘመዴ ያልኋት አክስቴ ናት። የአባቴ የመጨረሻ ታናሽ እኅት ስለ ሆነች እኛው ቤት አድጋለች፤ ስለዚህ «አንቺ» እያልን ነው የምንጠራት። ዛሬ የምትኖረው በአሜሪካ አገር፥ በቨርጂንያ ስቴት፥ በአሌክሳንድርያ ከተማ ነው። በ2021 ኦክቶበር 14 ቀን (የአሜሪካውን ነገር ስናገር ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ማታ ከሥራ ስትመለስ ዜብራ ላይ መኪና ገጫት። ቀኝ እግርዋ ከጉልበትዋ በታች ተሰበረ። መኪናው የአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነበር፤ ሾፌሩም የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲሆን በዚያ ሰዓት በሥራ ላይ ነበር።

አክስቴ 11 ሳምንት ተኛች። ደመወዝዋ ተቋረጠ፤ የሐኪም ቤቱ ዕዳ ግን አልተቋረጠም። ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ትሑት ሰው በየጊዜው ስልክ እየደወለ «እንዴት ነሽ? ጉዳይሽን እያየን ነው» ይላት ነበር። እርስዋም ይህን ሰው አመነች። አባቴ በስልክ «ለምን አትከሽም?» ሲሉዋት፥ «ጋሼ፥ መንግሥት ይከሰሳል እንዴ? ደግሞስ እኔ ስደተኛዋ!» ብላ መለሰች። እንዲህ እየተባለ አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር አለፈ። በጁላይ 2023 አብራት የምትሠራ ሴት ወደ አንድ ጠበቃ ባትወስዳት ኖሮ፥ ጉዳዩ በትሕትና ተጀምሮ በትሕትና ያልቅ ነበር።

ጠበቃው በመጀመሪያ የጠየቁዋት ስንት ጊዜ ስልክ እንደ ተደወለላት አይደለም። «ማመልከቻ አስገብተሻል ወይ?» ብለው ነው የጠየቁዋት። አላስገባችም።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አሜሪካ ንጉሥ የሌለባት አገር ብትሆንም፥ ንጉሥ አይከሰስም የሚለውን አሳብ ከእንግሊዝ ሕግ ወርሳ ነበር። መንግሥት ካልፈቀደ በቀር በመንግሥት ላይ ክስ አይመሠረትም። የመንግሥት መኪና ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ጉዳት ያደረሰበት ሰው የነበረው መንገድ አቤቱታውን ለኮንግሬስ ማቅረብ ነበር። ኮንግሬስም ለዚያ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ሕግ ያወጣለታል፤ ወይም አያወጣለትም። እኛ አገር ደጅ መጥናት እንደሚባለው ያለ ነገር ነው። እንደዚህ ያለው አቤቱታ በሺህ እየተቆጠረ ስለ መጣ ምክር ቤቱ ዋናውን ሥራውን ለመሥራት ተቸገረ። ይህን የሚያስቀር ሕግ ለብዙ ዓመታት ሲረቀቅና ሲጣል ከቆየ በኋላ፥ በ1945 ጁላይ 28 ቀን አንድ የጦር አይሮፕላን በጉም ውስጥ መንገዱን ስቶ በኒው ዮርክ ካለው ከኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ጋር ተጋጨ። 14 ሰዎች ሞቱ። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1946 ኦገስት 2 ቀን ፕሬዚዳንት ትሩማን ሕጉን ፈረሙ። ሕጉ ከ1945 መጀመሪያ ጀምሮ ለደረሰው ጉዳት ሁሉ እንዲሠራ ስለ ተደረገ፥ የሕንፃው አደጋ ተጎጂዎችም ሊጠይቁበት ቻሉ።

ሕጉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ በቸልተኝነት ጉዳት ቢያደርስ፥ መንግሥቱ እንደ ማንኛውም ግለሰብ ይጠየቃል። ሾፌሩ ራሱ አይከሰስም፤ በእርሱ ፈንታ የሚቆመው መንግሥቱ ነው። ተጎጂው የአገሩ ዜጋ መሆን አለበት የሚል ቃልም በሕጉ ውስጥ የለም። አክስቴ «ስደተኛዋ» ብላ የፈራችው በከንቱ ነበር።

ይሁን እንጂ በሩ ጠባብ ነው። ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ አስቀድሞ አቤቱታው በጽሑፍ ሆኖ ጉዳቱን ላደረሰው መሥሪያ ቤት መቅረብ አለበት፤ ጊዜውም ሁለት ዓመት ብቻ ነው። የሚቆጠረው ደብዳቤው ፖስታ ቤት የተጣለበት ቀን ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ የተቀበለበት ቀን ነው። የስልክ ንግግር፥ ምንም ያህል ትሑት ቢሆን፥ አይቆጠርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ወረቀት «ስታንዳርድ ፎርም 95» ይባላል። በዚህ ወረቀት ላይ የሚጠየቀው ገንዘብ ልክ በቁጥር መጻፍ አለበት። አክስቴ ከጠበቃው ሳታማክር በጥድፊያ ሞልታ በላከችው ወረቀት ላይ በገንዘቡ ቦታ «ተገቢውን ካሣ» ብላ ጻፈች! እኔ በእርስዋ ቦታ ብሆን እንዲሁ የማደርግ ይመስለኛል። በእኛ ልማድ ዋጋ ቆርጦ ከመጠየቅ «እናንተ እንዳያችሁት» ማለት ጨዋነት ነውና። ወረቀቱ ግን በሴፕቴምበር መጀመሪያ ተመልሶ መጣ። ቁጥር የሌለበት አቤቱታ በዚያ ሕግ ዘንድ እንደ አቤቱታ አይቆጠርም።

እንግዲህ የቀረው አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነበር። ቁጥሩን መቁረጥም ቀላል አልነበረም። የተጻፈው ቁጥር ጣራ ነውና፤ በኋላ አዲስ ማስረጃ ካልተገኘ በቀር ፍርድ ቤት ቀርቦ ከዚያ በላይ መጠየቅ አይቻልም። ሐኪም ቤቱ 19,400 ዶላር ይጠይቃል። የቀረው ደመወዝ በሳምንት 640 ሆኖ 7,040 ዶላር ነው። ስለ ስቃይዋና ስለሚያነክሰው እግርዋስ? አክስቴ ለዚህ ዋጋ ማውጣት አሳፍሮአት ሁለት ቀን አልቅሳለች። በመጨረሻ በጠቅላላው 60,000 ዶላር ተብሎ ተጻፈ። ወረቀቱ መሥሪያ ቤቱ ደርሶ ማኅተም የተመታበት በ2023 ኦክቶበር 3 ቀን ነው። ሊዘጋ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።

ሌላም እንቅፋት ነበረ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ይህ ነው። ክሱ በፌዴራል መንግሥት ላይ ቢሆንም፥ ጥፋቱ የሚመዘነው አደጋው በደረሰበት ስቴት ሕግ ነው። በቨርጂንያ ሕግ ደግሞ ተጎጂው ራሱ ለአደጋው ጥቂት እንኳ ጥፋት ካለበት በቸልተኝነት ምክንያት የሚጠይቀውን ካሣ በሙሉ ያጣል። በብዙዎቹ ስቴቶች እንደ ጥፋቱ መጠን ይቀነስበታል እንጂ ሁሉን አያጣም። ስለዚህ አክስቴ ከዜብራው አንድ እርምጃ ወጣ ብላ ተሻግራ ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። ያዳናት የፖሊሱ ሪፖርትና አብሮአት ከአውቶቡስ የወረደ አንድ ሰው ፈርሞ የሰጠው ቃል ነው።

መሥሪያ ቤቱ ለመመለስ ስድስት ወር ይሰጠዋል። ስድስት ወር ሙሉ ዝም ካለ አመልካቹ ዝምታውን እንደ እምቢታ ቆጥሮ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በጽሑፍ እምቢ ካለ ግን ደብዳቤው በፖስታ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ መክሰስ ያስፈልጋል። በፍርድ ቤቱም በሲኒማ እንደምናያቸው ያሉ አሥራ ሁለት ሰዎች የሉም፤ ዳኛው ብቻቸውን ይፈርዳሉ። ለመቅጣት ተብሎ የሚጨመር ገንዘብም የለም። የጠበቃው ዋጋ እንኳ በሕግ የተቈረጠ ነው፤ ክስ ሳይመሠረት በስምምነት ካለቀ ከመቶ 20፥ ክስ ከተመሠረተ በኋላ ከመቶ 25 ነው። ከዚህ በላይ የተቀበለ ጠበቃ ይቀጣል።

መንግሥት ፈጽሞ የማይጠየቅባቸው ነገሮችም አሉ። በ1947 በቴክሳስ ሲቲ ወደብ መርከብ ላይ የተጫነ ማዳበሪያ ፈንድቶ ከ500 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፥ ማዳበሪያው በመንግሥት ዕቅድ የተሠራ ነው ተብሎ ክስ ቀረበ። በ1953 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአራት ድምፅ ለሦስት፥ ይህ ባለ ሥልጣኖች አመዛዝነው የሚወስኑት ጉዳይ ስለ ሆነ ሕጉ አይነካውም ብሎ ፈረደ። ለተጎጂዎቹ ካሣ የተፈቀደው በ1955 ኮንግሬስ ባወጣው ልዩ ሕግ ነው፤ ነገሩ ዞሮ ወደ ደጅ ጥናቱ ተመለሰ ማለት ነው። ደግሞም ይህ ሕግ ከአሜሪካ ውጭ፥ በሌላ አገር ለሚደርስ ጉዳት አይሠራም።

ይህን ሁሉ ለሥነ ዜጋ መምህራችን ባሳያቸው፥ «የራስህንስ አገር ሕግ አይተሃል?» አሉኝ። አላየሁም ነበር። በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን አውጥተው 2126ኛውን አንቀጽ አስነበቡኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ያደረሰው ጥፋት የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትን ካሣ ሊጠይቅ እንደሚችል ተጽፎአል፤ ጥፋቱ የግሉ ከሆነ ግን መንግሥት አይጠየቅም። በ2143ኛው አንቀጽ ደግሞ የካሣ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ይነበባል። እንግዲህ ተረቱ በገዛ አገሩም ከተሻረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ግን ይህን ያወቅሁት በቨርጂንያ በኩል ዞሬ ነው።

ለአክስቴ መልሱ የመጣው በሜይ 2024 ነው። መሥሪያ ቤቱ 38,000 ዶላር እሰጣለሁ አለ። ፈርሞ መቀበል የነገሩ መጨረሻ እንደ ሆነና ከዚያ በኋላ መንግሥቱንም ሾፌሩንም መጠየቅ እንደማይቻል ጠበቃው አስረዱዋት። አባቴ «ተከራከሪ» አሉ፤ እርስዋ ግን ደክሞአት ፈረመች። ከጠበቃው 7,600 ዶላር በኋላ 30,400 ቀረ፤ ከዚያም ላይ የሐኪም ቤቱ ዕዳ ተከፈለ። የወረቀቱን ግልባጭ ልካልን አባቴ ከቤታችን ካርታ ጋር አስቀምጠውታል። 60,000 የሚለው ቁጥር በእጅ ጽሑፍዋ ነው፤ ማኅተሙም ኦክቶበር 3 ይላል።