ጥፋቱ ሁሉ የመብረቅ አይደለም

ነጎድጓድ በተሰማ ማግስት መብራት ለምን እንደጠፋ ሲጠየቅ «መስመሩን መብረቅ መታው» ይባላል። መልሱ ውሸት ባይሆንም ግማሽ ነው ባይ ነኝ። አንድ መካከለኛ መብረቅ 30 ሺህ አምፔር ያህል ይዞ ይወርዳል፤ ይህን ማስቀረት አይቻልም። መስመሩ መቋረጥ አለመቋረጡን በአብዛኛው የሚወስነው ያ ሁሉ ከረንት ወደ መሬት የሚገባበት መንገድ ነው።

ከፍተኛ ኃይል የሚሸከሙትን የብረት ማማዎች እንመልከት። ከሁሉም በላይ የተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ኃይል አያስተላልፍም፤ ሥራው መብረቁን ተቀብሎ በማማው በኩል ወደ መሬት ማውረድ ነው። የማማው እግር ሬዚስታንስ 10 ኦም ከሆነ 30 ሺህ አምፔር ማማውን 300 ሺህ ቮልት ላይ ያደርሰዋል፤ ይህን የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ስኒዎች (ሽቦውን ከማማው የሚለዩት ኢንሱሌተሮች) ይችሉታል። ያው መብረቅ ድንጋያማ መሬት ላይ 100 ኦም ቢገጥመው ግን 3 ሚሊዮን ቮልት ይሆናል። (ከረንቱ ለጎረቤት ማማዎችም ስለሚከፋፈል በተግባር ቁጥሮቹ ያንሳሉ፤ ልዩነቱ ግን ልዩነት ነው።) ያኔ ብልጭታው ስኒውን ዘሎ ኃይል የሚሸከመው ሽቦ ላይ ይደርሳል። መብረቁ ራሱ ከዓይን ጥቅሻ በፊት ያልፋል፤ በከፈተው የጋለ አየር ግን የመስመሩ ኃይል ተከትሎ መፍሰሱን ስለሚቀጥል ብሬከሩ ለአፍታ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ለአፍታ ጠፍቶ የሚመለስ መብራት ብዙ ጊዜ መከላከያው እንደሠራ ነው የሚያሳየው።

«እኛ ሰፈር መብረቅ አልወደቀም» የሚል ይኖራል። ወደ ሰፈር የሚገባው የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ግን እንዲበላሽ የግድ መመታት የለበትም። አጠገቡ የወደቀ መብረቅ ሽቦው ላይ እስከ 300 ሺህ ቮልት ሊቀሰቅስ ይችላል፤ የስኒው አቅም ደግሞ 100 ሺህ አካባቢ ነው። ትራንስፎርመር አጠገብ አሬስተር (ትርፉን ቮልቴጅ ወደ መሬት የሚያወርድ መሣሪያ) የሚተከለው ለዚህ ነው፤ እሱም ቢሆን ወደ መሬት የሚወርደው የመዳብ ሽቦው ከተሰረቀ ጌጥ ብቻ ነው። ሁሉም መስመር ይቀበር ለሚሉም፣ ወጪው ብዙ እጥፍ ከመሆኑ ሌላ፣ የተቀበረው ኬብል ከላይኛው መስመር ጋር በሚገናኝበት ቦታ የመብረቁ ጉልበት ተከትሎት ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚረክሰው ግራውንዲንጉን እየለኩ መጠገን ነው። ልኬቱም በበጋ ይሁን። የክረምት እርጥብ አፈር ሬዚስታንሱን ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ያሳስታል፤ የበልግ መጀመሪያ መብረቅ ግን የሚወርደው ገና ባልራሰ መሬት ላይ ነው።