የመሬት ሽቦ ለወፍጮ ቤትና ለነዳጅ ማደያ ስላለው ጥቅም

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰል አገር፣ ወፍጮውን ወይም የብየዳ መኪናውን በኤሌክትሪክ የሚያሠራ ነጋዴ ለሞተሩ ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ከሞተሩ ብረት ተነሥቶ ወደ መሬት ለሚወርደው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ግን መሰሰት የተለመደ ነው።

በሞተሩ ውስጥ ያለው ሽቦ ልባሱ በሙቀት ወይም በእርጅና ሲላጥ፣ 220 ቮልት ወደ ውጭው ብረት ይሻገራል። ሞተሩ መዞሩን ላያቋርጥ ይችላልና ባለቤቱ አያውቅም። እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ብረቱን ሲነካ ኮረንቲው በሰውነቱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። የሰውነቱ ተቃውሞ 1,000 ኦም ቢሆን የሚያልፍበት 0.22 አምፔር ነው፤ ይህም ለመግደል ይበቃል። በሚገባ የተዘረጋ የመሬት ሽቦ ካለ ግን ኮረንቲው በብዛት በዚያው ይሄድና ፊውዙን አቃጥሎ ራሱን ይቆርጣል።

ይሁን እንጂ ሽቦውን ካገኙት ብረት ጋር አስሮ መቅበር ከንቱ ድካም ነው። በሐይቁ ዳር ያለው እርጥብ አፈር ኮረንቲን በቀላሉ ሲቀበል፣ የአምባሰል ድንጋያማ መሬት በተለይ በበጋ እምብዛም አይቀበልም። የተቀበረው ዘንግ ተቃውሞ 50 ኦም ከሆነ የሚያልፈው 4.4 አምፔር ብቻ ስለሆነ፣ የ16 አምፔር ፊውዝ እንደ ተራ ሥራ ቆጥሮት ዝም ይላል፤ ብረቱም ኮረንቲ እንደ ያዘ ይቆያል። ስለዚህ ዘንጉ እርጥበት እስኪያገኝ ጠልቆ መቀበር፣ ካልሆነም ብዙ ዘንግ ተራርቆ መያያዝ አለበት። ልኬቱም አፈሩ በደረቀበት በበጋ ይሁን። ከዚህ ጋር 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ የሚቆርጥ ማብሪያ ቢጨመር፣ ፊውዙ ያላየውን ያያል። ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰር የዱሮ ልማድ ነበር፤ ዛሬ ብዙው ቧንቧ ፕላስቲክ ነውና ምንም አይረዳም።

ከሰበቃ የሚወለደው ኤሌክትሪክም መውረጃው ይኸው ሽቦ ነው። የወፍጮው ቺንጋ ሲሽከረከር የሚጠራቀመው ኃይል ቢቆነጥጥ እንጂ አይገድልም። ቤንዚን በቱቦ ሲወርድ የሚጠራቀመው ግን አንዲት ብልጭታ ከሰጠ ማደያውን ያነዳል። የቦቴው ጎማ ኃይሉን ወደ መሬት እንደ ልብ አያሳልፍምና፣ የመሬቱ ሽቦ ክዳኑ ሳይከፈት ይታሰራል፤ የሚፈታውም ቱቦው ከተነሣ በኋላ ነው። የፕላስቲክ ጄሪካን በሽቦ ስለማይጠበቅ፣ ከመኪና ላይ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የቱቦው አፍ ጠርዙን እየነካ በዝግታ ይሞላል።