ከአዋሽ የተወረሰ ጊታር

የአክስቴ ባል በአዋሽ ሰባት ለምድር ባቡር ሲያገለግሉ ኖረው ባረፉ ጊዜ፣ ከተዉት ንዋይ ሁሉ ቤተ ዘመዱን ያነጋገረው፣ ቁም ሣጥን ላይ በነጠላ ተጠቅልሎ የኖረው፣ ከድሬዳዋ የገዙት ኤሌክትሪክ ጊታር ነበር። ልጃቸው ሥራው በሰመራ ስለ ሆነ፣ ከተዝካሩ በኋላ ጊታሩን ይዞ ወደዚያ ወረደ፤ በጊታሩ ራስ ላይ የታወቀው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ስም፣ «ፌንደር»፣ ተጽፎ ስለ ነበረም ጎረቤቱ ሁሉ ሚሊዮን ያወጣል እያለ ልቡን አንጠለጠለው። እኔ ከአንድ ጊታር ጠጋኝ ጋር ጥቂት ዓመታት ስለ ሠራሁ፣ «ወንድሜ፣ ና እየውልኝ» ብሎ ቢለምነኝ ገዋኔንና ሚሌን አልፌ በሎግያ በኩል ሰመራ ገባሁ።

ስደርስ በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ ይዞ ሊወለውለው ተነሥቶ ነበርና፣ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ እጁን ያዝሁት። የብራና መጽሐፍን ገጽ በውኃ አጥቦ «አሳመርሁት» የሚል ሰው እንደማይኖር ሁሉ፣ አሮጌ ጊታር የወረሰም ሰው ቀለሙን መንካት አይገባውም፤ የፋብሪካው ቀለም ቢላጥም፣ ቢሰነጣጠቅም፣ ቢጫ ቢመታውም እርሱ ራሱ የዕድሜው ማኅተም ስለ ሆነ፣ ዳግመኛ የተቀባ ጊታር በገበያ የዋጋውን ግማሽ ያህል ያጣል። ሐሩሩም ሌላ ጠላት ነው፤ የሰመራ ደረቅ አየር እንጨቱን ስላኮማተረው፣ በአንገቱ ግራና ቀኝ ፍሬት የሚባሉት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ጫፍ ወጥቶ ጣቴን እንደ መጋዝ ጥርስ ቧጨረኝ። ከቆርቆሮው ግድግዳ አርቀን፣ ክሮቹን ፈትተን፣ ምንጣፍ ላይ አጋደምነው።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ከየት እንደ መጣ ማወቅ የምርመራው መቅድም ነው። በ1917 (ዘመኑን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ሐዲድ የባሕር ማዶውን ዕቃ በድሬዳዋና በአዋሽ ሲያሳልፍ፣ በአስመራም በቃኘው ጣቢያ የሰፈሩት የአሜሪካ ወታደሮች የአገራቸውን ሙዚቃ ሲያሰሙ፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ ከእነርሱም በኋላ ሰላም ሥዩም ጊታር የተጫወተባቸው አይቤክስና ሮሃ ባንዶች ጊታርን የከተማው ልሣን አደረጉት።

በራሱ ላይ የተጻፈው ስም ከምስክሮች ሁሉ ደካማው ነው፤ ማንም በቀለም ሊጽፈው፣ ማንም ሊለጥፈው ይችላልና። የፌንደር ጊታር እስከ 1976 ድረስ መለያ ቁጥሩን የሚይዘው በአብዛኛው አንገቱን ከገላው ጋር በሚያያይዘው የብረት ሳህን ላይ ነው፤ ኩባንያው ሲቢኤስ ለተባለ የአሜሪካ ድርጅት የተሸጠው በ1965 መባቻ ስለ ሆነም ከዚያ በፊት የተሠራው ከኋለኛው እጅግ ይወደዳል። የሌላው አሜሪካዊ ጊታር ሠሪ የጊብሰን ቁጥር ግን ያሳስታል፤ በ1960ዎቹ አንዱን ቁጥር ለብዙ ጊታር ደጋግመው መትተዋልና። ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው ከክዳኑ ሥር ያለው ነው። ድምፁን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ቁልፍ ሥር ባለችው ክብ ዕቃ ጀርባ ላይ አሜሪካኖቹ አኃዝ ያትሙ ነበር፤ 1376612 ቢል፣ 137 ሲቲኤስ የተባለውን የዕቃዋን ሠሪ፣ 66 ዓመቱን 1966ን፣ 12 ደግሞ ሳምንቱን ያመለክታል። ይህ የዕቃዋ ልደት እንጂ የጊታሩ አይደለም፤ ብየዳው ካልተነካ ግን ጊታሩ ከዚያ ቀን እንደማይቀድም ይመሰክራል።

የእኛን ጊታር ክዳን በካቻቪት ፈትቼ ብሎኖቹን በቡና ስኒ ውስጥ አኖርኋቸው። እንዲህ ያለ አኃዝ በአንዱም ዕቃ ላይ አልነበረም። ገልብጬው በጀርባው ያለውን ሳህን የሸፈነውን ያረጀ ፕላስተር ስልጥ፣ ከአዋሽ አቧራ በታች በእንግሊዝኛ ፊደል «አንገቱ በብረት የተጠናከረ፣ በጃፓን የተሠራ» የሚል ጽሕፈት ወጣ። በ1960ዎቹ ቴይስኮን የመሳሰሉ የጃፓን ፋብሪካዎች በብዛት ለውጭ ገበያ ከሠሯቸው ወገን መሆኑ ተገለጠ፤ ልጁም ዝም አለ።

ዋጋውን ሲጠይቀኝ ሳልደብቅ ነገርሁት። የሚመረመረው ሻጭ የጠራው ሳይሆን ገዢ የከፈለው ገንዘብ ነው፤ በዚህ መለኪያ ከ1958 እስከ 1960 የተሠራው ባለ ጸሐይ ቀለሙ የጊብሰን ሌስ ፖል በመቶ ሺህ በሚቆጠር ዶላር ሲሸጥ፣ የእኛ ዓይነቱ ከጥቂት መቶ ዶላር አያልፍም። ዋጋን የሚያከብረው የባለቤቱ ታሪክም ነው፤ አሜሪካዊው ዘፋኝ ከርት ኮቤይን በ1993 በቴሌቪዥን የተጫወተበት የማርቲን ጊታር በ2020 በጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ስለዚህ ፎቶግራፍ፣ ደረሰኝ፣ የባቡር ማመላለሻ ወረቀት ከጊታሩ ጋር አብሮ ሊጠበቅ ይገባል። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ባሳተሟቸው ሸክላዎች ላይ የሚሰሙት ጊታሮች ዛሬ በማን ቁም ሣጥን ላይ እንደሚገኙ፣ ማንስ በቤንዚን እንደሚወለውላቸው ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል።

በመጨረሻ አንገቱን ከገላው ለየሁት። የፋብሪካ ማኅተም ይገኝበታል ብዬ በፈለግሁት ስፍራ፣ በእርሳስ የተጻፈ፣ ልጁ ገና ሲያየው የለየው የአባቱ እጅ ጽሕፈት ነበር፦ «ተጠገነ። አዋሽ፣ ጥር 1966 ዓ.ም.።» (ይህ ዘመን እንደ አገራችን አቆጣጠር ነው።) ጊታሩ ከዚያ ጥር በፊት መሠራቱን የሚያስረዳ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም። ወደ አዋሽ ደውለን ለአክስቴ ብናነብላቸው፣ «የሠርጋችን ሰሞን ነዋ፣ ልጄ! አባትህ አንገቱ ተነቅሎበት፣ ለሠርጉ ካልደረሰልኝ ብሎ ሌሊቱን በፋኖስ ሲጠግን አደረ» አሉ።

ልጁ ጨርቁን ከደጅ ወርውሮ ተመለሰና ብሎኖቹን ከስኒው አንድ በአንድ ያቀብለኝ ጀመር።